እስከ ወገብ የቆመ መደብ

በካምፓላ ከኪቡሊ ኮረብታ ሥር ከሚኖሩት አበሾች መካከል ከጀሊላ ሱቅ ቅመም ገዝቶ የማያውቅ ይኖር ይሆናል፤ ምላሷን ያልቀመሰ ግን የለም። የከሚሴ ልጅ ናት። በናይሮቢ በኩል አድርጋ ካምፓላ የገባችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው፤ ዛሬ ፀጉሯ በሻሿ ሥር ሸብቷል። ሶላቷን በሰዓቱ የምትሰግድ፣ የታመመ ጎረቤት ሳትጠይቅ የማታድር ሴት ናት። አንድ ሰው ደረቱን ነፍቶ ሲመጣ ካየች ግን ዝም ብላ ማሳለፍ አይሆንላትም። በረመዳን ምላሷን ታስረዋለች፤ የዒድ ጨረቃ ስትታይ አብሮ ይፈታል።

ደረታቸውን ነፍተው ከሚመጡት ሁሉ ደግሞ እንደ ሸረፈዲን የሚያበሽቃት የለም።

ሸረፈዲን መሀል ከተማ ጫማ ይሸጣል፤ የመረዳጃ ማኅበራቸውም ሰብሳቢ ነው። የተመረጠበት ቀን ሌላ እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ምርጫውን ሲያወራ ሕዝብ ተጋፍቶ ትከሻው ላይ የተሸከመው ነው የሚመስለው። ብዙ ኪስ ያለው ሰደርያ አለው። በኪሶቹ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ አንዱ ውስጥ ፊሽካ እንዳለ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ስብሰባ ላይ ሰው ሲንጫጫ ይነፋዋል። መጀመሪያ የነፋ ቀን ጀሊላ፣ «ማነው ጎል ያገባው?» ብላ ጠይቃ ስብሰባውን በሳቅ በትናዋለች። ከዚያ ወዲህ ሸረፈዲን ስሟን ሲጠራ «እህት ጀሊላ» ይላል፤ «እህት» የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ እንደ ስድብ ነው የሚሰማው።

ነገሩ የመጣው በመሬት ነው። ሁሉም ሰው «ሃጂ» እያለ ብቻ የሚጠራቸው አንድ ደግ የሀገሩ ሽማግሌ፣ ከኮረብታው ግርጌ ያላቸውን ጦም ያደረ ቦታ «እናንተም ልጆቼ ናችሁ፤ አትክልት ዝሩበት» ብለው ለማኅበሩ ሰጡ። ኪራይ አልጠየቁም፤ ውል አላስፈረሙም። አላህ እንዲህ ያለ ሰው በባዕድ አገር ያስቀምጣል፤ ማመስገን የሚያውቅ ያመሰግናል። ቦታው በገመድ ተለክቶ ለየቤተሰቡ ተከፋፈለ፤ ያልደረሳቸው ቤተሰቦች ተራ ያዙ።

ሸረፈዲን ወዲያው ፊሽካውን ነፋ። በስልኩ አንድ ቪዲዮ አይቷል። ፈረንጆቹ መሬቱ ላይ አይዘሩም፤ ሳንቃ አራት ማዕዘን አድርገው ይመቱና ውስጡን በአፈርና በፍግ ሞልተው፣ ከመሬት ከፍ ባለው መደብ ላይ ይዘራሉ። ቦታው ወደ ረግረጉ ስለሚጠጋ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ መጥፎው የተናገረበት አኳኋን ነው። ሳንቃን ራሱ የፈለሰፈው ይመስል ነበር። ደንብም አወጣ፦ መደብ ሁሉ ከፍታው አንድ ስንዝር ይሆናል። ሃጂ ሊጎበኙ በሚመጡበት ቀን መደቡ አረንጓዴ ሆኖ ያልተገኘ ሰው ቦታው ተራ ለያዘ ይተላለፋል።

ጀሊላ ደንቡን ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ ቀረች።

ባሏ ሙሀነድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከሞምባሳ ካምፓላ ሲመላለስ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ተገልብጦ ወገቡን ሰበረው። አላህ ነፍሱን አተረፈለት፤ ይቆማል፣ በከዘራ ይራመዳል። ማጎንበስ ግን አይችልም። ሶላቱን ወንበር ላይ ሆኖ ይሰግዳል። ያ በየኬላው ሲቀልድ የኖረ ሰው ቤት ከዋለ ጀምሮ ቃላቱን መቁጠር ያዘ። ጠዋት በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱ የጎረቤት ግንብ አለ፤ ግንቡን ሲያይ ይውላል። ጀሊላ ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ከመንገድ ገዝታ ብትሰጠው ይበላል፣ ባትሰጠው አይጠይቅም። ለሌላው የምትናገረውን ሁሉ ለእሱ ተናግራለታለች፤ ተሳድባ አይታለች፣ አልቅሳም አይታለች። ግንቡን ከማየት ያነሳው ነገር አልነበረም።

ቦታው በደረሳቸው ቀን ግን ከዘራውን ይዞ አብሯት ወረደ። ድርሻቸው ጋ ቆሞ አፈሩን ለረጅም ጊዜ አየና፣ «ብደርስበት ኖሮ ቃሪያ እዘራበት ነበር» አለ።

ይህ አረፍተ ነገር ለጀሊላ በቂ ነበር። ከሕንፃ ሠሪዎች ዘንድ ኮንክሪት የሚፈስበትን አሮጌ ሳንቃ ገዝታ፣ ጎረቤቷ ሃፍሳ እየያዘችላት ራሷ መታችው። አንድ ስንዝር አይደለም፤ እስከ ሙሀነድ ወገብ ድረስ። ከሥሩ የጡብ ስብርባሪና የተቆረጠ የሙዝ ግንድ አጋደመች፤ በላዩ አፈርና የላም ፍግ ሞላች። መዶሻው ከሳንቃው ይልቅ አውራ ጣቷን የመታበት ጊዜ ይበዛል።

ሸረፈዲን ይህን ሲያይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዙሪያውን ዞረው።

«እህት ጀሊላ፣ ይሄ ምንድን ነው? መደብ ነው ወይስ ባንኮኒ?»

«ባንኮኒ ነው። ጫማህን አምጣና ደርድርበት።»

«ደንቡ እኮ አንድ ስንዝር ነው የሚለው።»

«ደንቡን ያወጣው ማነው?»

«ኮሚቴው።»

«ኮሚቴው ማነው?»

ሸረፈዲን ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ማንም አልነበረም።

«ስማኝ ሸረፈዲን» አለች ጀሊላ፣ መዶሻውን ሳታስቀምጥ። «ለጌታው ማጎንበስ ያቃተው ወገብ ለጎመን ያጎንብስ ነው የምትለው?»

ሃፍሳ ሳቋን በሻሿ አፈነች። ሸረፈዲን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ከፍታውን ለጊዜው አልፈነዋል፤ አረንጓዴነቱን ግን እናያለን» ብሎ ሄደ። የእሱን መደብ አናጺ ቀጥሮ ነው ያሠራው። ሳንቃው በመላጊያ ለስልሶ፣ ማዕዘኑ በብረት ተይዞ፣ ውጪው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ጀሊላ ስታልፍ አየችውና፣ «ደንቡን ቀድሞ አሟላ» አለች።

ከዚህ በኋላ የመጣው ስህተት ግን የሸረፈዲን ብቻ አልነበረም፤ ጀሊላም ሙሉ ድርሻዋን ወስዳለች።

ሰኔ ገባ። ሸረፈዲን ሁሉንም ሰብስቦ፣ «ወገኖቼ፣ ሰኔ ነው! የዘር ጊዜ ነው! ክረምቱ ሳይቀድመን እንቅደመው!» አለ። ማንም አልተቃወመም። ከመካከላቸው አንድም ገበሬ የለም፤ ሁሉም ባለ ሱቅ፣ ባለ ምግብ ቤት፣ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ነጂ ነው። ግን ሁሉም የገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ በሰኔ ሲዘራ አይቷል። ስንት ዓመት ካምፓላ ተቀምጠው ዝናብን የሚያውቁት በጣሪያ ሥር ሆነው ነው፤ ሲዘንብ የቦዳ ዋጋ ይጨምራል፣ ሲያባራ ይቀንሳል፣ ወሩን ልብ ያለ የለም። በዚህ አገር ግን ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ጥሎ ሰኔ ላይ ይሰናበታል፤ ደህና አድርጎ የሚመለሰው አገር ቤት ክረምት ወጣ በሚባልበት ጊዜ ነው።

ይህን ለጀሊላ የነገራት ሰው ነበር። ከቦታው አጠገብ ባቄላ የምታበቅለው ናሉዋንጋ የምትባል የሀገሩ ሴት፣ ጀሊላ ዘር ስትበትን አይታ በአጥሩ ላይ ተደግፋ፣ «ኛቦ፣ እሜቴ፣ ዝናቡ እኮ ሄዷል። ዘርሽን እስከ ሴፕቴምበር አስቀምጪው» አለቻት።

ጀሊላ አመስግና፣ ፊቷን ወደ ሃፍሳ መለሰችና በአማርኛ፣ «ሰማሽልኝ? ሰኔን ለወሎ ልጅ ታስተምራለች!» አለች።

ሃፍሳም፣ «እነሱ ማቶኬ ሙዛቸው ራሱ በቅሎላቸው ምን ያውቃሉ» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ናሉዋንጋ ሳቁ ስለ ምን እንደሆነ ባይገባትም አብራ ሳቀች።

ዘሩ በቀለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሸረፈዲን ከመደቡ ጎን ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ሰማዩ ነጣ፤ አፈሩ እንደ ሸክላ ደረቀ፤ መንገዱ ቀይ አቧራ ሆነ። ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ደግሞ ውሃ አይዝም፤ ጎርፍ ለማሳለፍ የተሠራ ነገር የሚያሳልፈው ጎርፍ ባያገኝ ያለውን እርጥበት አሳለፈ። ሰዎቹ ሰማይ ሰማይ እያዩ፣ «ሐምሌ ሲገባ ይጥላል» ተባባሉ። ሐምሌ ገባ። ናሉዋንጋ ባቄላዋን ለቅማ ጨርሳ፣ መሬቷን አሳርፋ፣ ጥላ ሥር ተቀምጣ ታያቸዋለች። አንዳቸውም ሄዶ አልጠየቃትም። ጀሊላም አልጠየቀችም። መጠየቅ ማለት ያንን ሳቅ መልሶ መዋጥ ነውና።

ሙሀነድ ግን በየቀኑ ይወርዳል። ይህን ልብ ያለ ከጀሊላ በቀር ማንም የለም። ጠዋት ተነሥቶ፣ ራሱ ልብሱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ ይወጣል። ጀሊላ በቦዳ ጀሪካን ታወርድለታለች፤ እሱ በጣሳ እየቀዳ ያጠጣል። አንድ ጀሪካን ለዚያ ሁሉ ደረቅ አፈር ምን ያደርጋል? ስለዚህ ሙሀነድ ዘዴ አመጣ፤ ለዙህርና ለዐስር ሶላት ዉዱእ የሚያደርገው መደቡ አጠገብ ቆሞ ሆነ። ከእጁ፣ ከፊቱ፣ ከክርኑ የሚወርደው ውሃ በአንደኛው ጥግ ባሉት ቃሪያዎች ላይ ይንጠባጠባል። ሌላው ሁሉ ሲደርቅ በዚያ ጥግ ሦስት የቃሪያ ችግኞች ቀሩ። ቅጠላቸው ቢጫ ቢጤ ነው፤ ግን ቆመዋል።

ከቦታው ሲመለስም ያወራ ጀመር። «ዛሬ አንዷ አዲስ ቅጠል አወጣች» ይላል። ጀሊላ ጀርባዋን ሰጥታው ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እንባዋን በሽንኩርቱ ታሳብባለች።

ሸረፈዲን ግን ጉብኝቱን አላራዘመም። «ሃጂ በሐምሌ የመጨረሻ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይመጣሉ» አለ። «ደንቡ ደንብ ነው። ባዶ መደብ ይተላለፋል።» የሙሀነድን መደብ ሲያይ፣ ሦስት ቢጫ እሾሆች እንደሚያይ ሰው ከንፈሩን መጠጠ፤ ያን ቦታ ተራ ለያዘው ለሰፍዋን ቤተሰብ እንደሚሰጠው ቀድሞ ነግሯቸዋል።

በዚያ ጁምዓ ጠዋት ጀሊላ ለችግኞቹ የመጨረሻ ውሃ ልታደርስ ቀድማ ወረደች። ከሩቅ አንድ ቦዳ ቆሞ አየች፤ ኋላው ላይ የአረንጓዴ ክምር ተጭኗል። የሀገሩ ሰው ሱኩማ የሚለው፣ ገበያ ላይ በእስር በእስር የሚሸጠው ጎመን ነው። ሸረፈዲን በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ በዚያ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያው፣ የተቆረጠውን ግንድ አንድ በአንድ አፈሩ ውስጥ ይሰካል።

ጀሊላ ከኋላው መጥታ ቆመች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጋሽ ሰብሳቢ።»

ሰውዬው ዘለለ። «ወዐለይኩም… ችግኝ ነው። ችግኝ እያዛወርኩ ነው።»

«ጎሽ። እንግዲያው ማሰሪያውን ፍታለት፤ እንደታሰረ አይበቅልም።»

ሸረፈዲን ቁልቁል አየ። የሰካው እስር ዙሪያውን በሙዝ ልጥ እንደታሠረ ነበር። ቀስ ብሎ ፈታውና ልጡን ከኪሶቹ አንዱ ውስጥ ከተተው። ቢያንስ ለአንድ ኪስ ሥራ ተገኘለት።

«ስማኝ» አለች ጀሊላ። «ያንተም ደርቋል፣ የእኛም ደርቋል፣ የሁሉም ደርቋል። ዛሬ ለሃጂ እውነቱን እንንገራቸው፤ የማንም ቦታ አይነካ።»

ማንም ልብ ያለው ሰው በዚያች ሰዓት እሺ ይል ነበር። ሸረፈዲን ግን ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። በአንድ እጁ የገበያ ጎመን እንደያዘ፣ «ደንብ እኮ ለአንቺ ብሎ አይቀየርም» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ደግሞ አንቺ ሶላት የምትሰግጂ ሴት ነሽ። የወንድምን ነውር አደባባይ ማውጣት ምን ያህል ወንጀል እንደሆነ ላስተምርሽ አያስፈልግም» አላት።

ጀሊላ በምላሷ ያላሸነፈችው ሰው አልነበረም፤ ይህ ግን በገዛ ዲኗ አሰራት። ነውርን ሸፍኖ ማለፍ የታዘዘችው ነገር ነው፤ ነውረኛው ራሱ አስታዋሽ ሆኖ ሲመጣ እንዴት ይመርራል!

ከጁምዓ በኋላ ሃጂ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። ሰው ሁሉ ከየመደቡ አጠገብ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆሟል። ሸረፈዲን ፊት ፊት እየሄደ ያስረዳል። ደረቅ፤ ደረቅ፤ ደረቅ። ሙሀነድ ዘንድ ሲደርስ፣ «ይህም ባዶ ነው፤ ለሌላ ቤተሰብ ይተላለፋል» አለ። ሙሀነድ ከዘራውን አጥብቆ ያዘ። ጀሊላ ፊቱን ላለማየት ወደ ናሉዋንጋ አጥር ዞረች።

ሃጂ ግን አልተንቀሳቀሱም። «መቼ ነው የዘራችሁት?» ብለው በስዋሂሊ ጠየቁ።

ሙሀነድ በሹፌርነቱ ስዋሂሊ ያውቃል። «ሰኔ ላይ ነው ሃጂ። ጁን መሆኑ ነው።»

«በጁን? ማን በጁን ዝሩ አላችሁ?»

ሁሉም ሸረፈዲንን አየ፤ ሸረፈዲን ሰማይን አየ። ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁና፣ «ታዲያ ያኛው እንዴት ለመለመ?» አሉ።

የሸረፈዲን መደብ ከሩቅ የሚያምር ነበር። ከቅርብ ሲታይ የቀትር ፀሐይ ቅጠሎቹን አድክሟቸዋል፤ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«በትጋት ነው ሃጂ» አለ ሸረፈዲን። «ጠዋትና ማታ በማጠጣት።»

«ማሻአላህ! እንዲህ ፀሐይ የሚችል ጎመን አይቼ አላውቅም። በል አንዷን ከነሥሯ ንቀልልኝ፤ ጓሮዬ እተክላታለሁ።»

ሸረፈዲን እጁን ወደ መደቡ ዘረጋ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ሃጂ ፈገግ እንዳሉ ይጠብቃሉ። ሰፍዋን፣ ሃፍሳ፣ ሁሉም ጠጋ ጠጋ አሉ። ጀሊላ አንድ ቃል እንኳ መናገር አያስፈልጋትም፤ ዝም ብትል ራሱ ይዋረዳል፤ እሷ ከወንጀል ነፃ ናት። እንዴት ያለ ሐላል ደስታ ነው!

ዝም ብሎ ማየትም ግን መሸፈን አይደለም። ይህን ለራሷ ስትነግር ምላሷ መረራት።

«ሃጂ» አለች፣ ከመሀል ወጥታ። «ጎመንስ በየገበያው አለ። የአገራችንን ቃሪያ ይውሰዱ እንጂ። ሙሀነድ፣ ለሃጂ አንዷን አውጣላቸው።»

ሙሀነድ አየት አደረጋት። ከዚያ ከዘራውን ለሃፍሳ ሰጠ፤ ወደ መደቡ ተጠጋ። ሳያጎነብስ፣ እንደ ቆመ፣ በሁለት እጁ ጣቶች አፈሩን ዙሪያውን እያላላ ትልቋን ችግኝ ከነሥሯ፣ ከነእርጥብ አፈሯ አወጣት። ሥሯ ነጭና ረጅም ነበር። በመዳፉ ይዞ ለሽማግሌው አቀረበላቸው።

ሃጂ ተቀብለው ሥሩን አዩ። የቆመውን ሰውዬ አዩ፣ ከዘራውን አዩ፣ እስከ ወገብ የደረሰውን ሳንቃ አዩ።

«ይሄ ነው ባዶ ያልከኝ?» አሉት ሸረፈዲንን።

ሸረፈዲን እጁን የፊሽካው ኪስ ላይ አሳረፈ። ከፊሽካው ጭምር ድምፅ የጠፋ ይመስላል።

«ዝናቡ ሲመለስ ሁላችሁም እንደገና ዝሩ» አሉ ሃጂ። «መሬቴን ከማንም አልወስድም። ከዚህ ሰውዬማ ማንም አይውሰድበት።» ችግኟን በመሐረባቸው ጠቅልለው ሄዱ፤ ጎመኑንም ረሱት።

ሰው ሲበተን ሸረፈዲን ወደ ጀሊላ ጠጋ ብሎ፣ «አላህ ይስጥሽ» አለ በሹክሹክታ። ወዲያው ደግሞ ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጉብኝታችን በኮሚቴው ጥረት በስኬት ተጠናቀቀ!» አለ።

ጀሊላ ሙሀነድን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ሰውዬው በየጥቂት እርምጃው እየቆመ ይስቃል። ሲስቅ ካየችው ዘመን የለውም።

«አንቺ፣ ትልቋን አስነቀልሽኝ እኮ።»

«ለሃጂ የታመመችውን ልስጥ?»

«እኔ የገረመኝ» አለ ሙሀነድ፣ «ያ ሁሉ ጎመን ሞልቶት ሸረፈዲን እጁ የታሰረበት ምክንያት ነው። ምን ነክቶት ነው? አንቺ ጠዋት ወርደሽ አልነበር? ያየሽው ነገር አለ?»

ጀሊላ ቆመች። የሙዝ ልጡ፣ ጉልበቱ፣ ሰደርያው፣ «ችግኝ እያዛወርኩ ነው» ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አፏ መጣ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ወሬ ይዛ አታውቅም። አንዴ ብትናገረው ከኪቡሊ እስከ ካባላጋላ ለዓመት ይሳቅበታል፤ ሙሀነድም ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«ምንም አላየሁ» አለች።

«ወላሂ በይ።»

«ሂድ ወዲያ! ዳገቱን ውጣ፤ ዐስር ሊያልፈን ነው» አለችና ክንዱን ይዛ ጎተተችው። ቀሪውን መንገድ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች።